የትንሿ ጣት መስመር

ወረታ የተከራየሁት ቤት የሳሎኑ ግድግዳ ማዕበል መሰል ሸካራ ጌጥ አለው። ቀለም ቀቢው ሮለሩን እያንከባለለ፣ «ሁለት ጊዜ ብደግመው ጌጡ ይሞላና ልሙጥ ይሆንልዎታል» ሲል እንደ ምሥራች ነገረኝ። እኔ ግን ጣቴን በጌጡ መስመር ውስጥ ከተትኩ።

ፎገራ ሜዳ ላይ የነበረው ቤታችን በገለባ በቦካ ጭቃ የተመረገ ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ እናቴ አራት ጣቶቿን እየጎተተች ከዳር እስከ ዳር ሞገድ ሠርታበታለች። ትንሿን ጣቷን ማጭድ ቆርጦ ስላሳጠረባት የዚያች ጣት መስመር ከሌሎቹ ስስ ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ የርብ ወንዝ ጎርፍ ግድግዳውን አቆሽሾት በሄደ ቁጥር የአባቴ ታላቅ እህት ከይፋግ እየመጣች ኖራ ትቀባው ነበር። አንድ ዓመት ግን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ የዘንድሮውስ ይቅር» አላት።

«ለመስቀል ሰው ሊገባ አይደል? እንዲህ አድፎ?»

«ይደፍ። ኖራው የጣቶቿን መስመር እየሞላው ነው።»

አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ቆይታ እንደገና ዳሰሰችው።

«ወንድምዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «የትንሿ ጣቷ መስመር እኮ የለም።»

አባቴ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

«ልድገመው እንዴ?» ይለኛል ቀለም ቀቢው።

የማን እጅ እንደሠራው በማላውቀው መስመር ውስጥ ጣቴን ከትቼ ቆሜያለሁ፤ ከሮለሩ ቀለም ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።