ሁለት ካርድ በአንድ መኪና

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር ድንበር ላይ ማንጎ መጨረስ ነበር። ሜክሲኮ ተሻግረን፣ ቲዋና በምትባለው የድንበር ከተማ ጥርሳችንን ታክመን፣ ወደ ሎስ አንጀለስ እየተመለስን ነው። እሱ መሪውን ይዟል። እኔ አጠገቡ ሆኜ፣ በርበሬና ሎሚ የተነሰነሰበት የተቆራረጠ ማንጎ በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዣለሁ። ኬላው ላይ ፍራፍሬ አያሳልፉም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የገዛነውን ሁሉ ሳንደርስ መጨረስ ልማዳችን ነው። ያን ቀን ግን የጥርስ ሐኪሟ ግማሽ አፉን በማደንዘዣ አደንዝዛው ስለነበር ማኘክ አልቻለም።

"ብዪ እንጂ፣ ደረስን እኮ" ይለኛል፣ ቃሉ ከከንፈሩ እየተንሸራተተ።

"ትልቁን ግዢ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

"አፌ መደንዘዙን ረስቼ ነዋ!"

ጭማቂው እስከ ክርኔ ወርዶ፣ በሳቅ ትን እያለኝ ጨረስኩት።

የምንሄደው በፈጣኑ መስመር ነበር። ፈጣኑ መስመር አስቀድመው አመልክተው፣ አሻራ ሰጥተው፣ ተጠይቀው ካርድ ለተሰጣቸው ሰዎች የተለየ የመኪና መንገድ ነው። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ካርድ ሊኖረው ይገባል። አንዱ ከሌለው ሁሉም ወደ ረጅሙ ሰልፍ ይሄዳል። እኛ ሁለታችንም ነበረን። ካርዶቹን አንድ ላይ በላስቲክ አስሬ ከመኪናው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ አስቀምጣቸዋለሁ። ኬላው ሲቀርብ ላስቲኩን እፈታና እንደ ካርታ ዘርግቼ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ለማሽኑ ያሳያቸዋል። ጠባቂው ጋ ስንደርስ ፎቶዎቻችን ጎን ለጎን ስክሪኑ ላይ ይጠብቁናል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። "ምንህ ናት?" የአባቶቻችን ስም ስለማይመሳሰል ነው። እዚህ አገር ሚስት የባሏን ስም ትይዛለች ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔ የአባቴን ስም እንደያዝኩ ነው የመጣሁት። ሳይጠይቁን ያለፍንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ባለቤቴ ሰልፉ ላይ ሳለን በዚህ ያሾፍብኝ ነበር።

"ዛሬ ማን ናት ልበል? ጎረቤቴ ናት ልበል?"

"በላ! አንተ ገብተህ እኔ እዚሁ ማንጎ ሻጭ ሆኜ እቀራለሁ።"

"ደግ ነዋ፣ በቅናሽ ትሸጪልኛለሽ።"

ጠባቂው ፊት ሲደርስ ግን ቀልድ የለም። ድንበር ላይ አይዋሽም፣ ይላል። አንድ ጊዜ ቦርሳዬ ሥር የተረሳች ሎሚ አገኘሁ። ተዋት፣ ማን ያያታል ስለው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አንድ ሎሚ ይዘናል" አለ። ሎሚዋን ወሰዱ፣ እኛን አሳለፉን። መንገዱን ግማሽ አኮረፍኩት። "ይሄ ካርድ የተሰጠን አምነውን ነው" አለኝ በመጨረሻ፣ "ለሎሚ ብዬ አላበላሸውም።"

የማንጎው ቀን ጠባቂው እንደ ሁልጊዜው "ምንህ ናት?" ሲለው አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን አየር ነው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም አየር። እኔ ከወዲህ ጎንበስ ብዬ "ሚስቱ ነኝ" አልኩ። "እሱ ይናገር" አለ ጠባቂው። ባለቤቴ ያበጠ ጉንጩን በጣቱ እያሳየ፣ በብዙ ትግል አንድ ቃል አወጣ። ጠባቂው ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት እለፉ አለን። ፍሪዌዩ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወጣን በኋላ እንኳ ዝም እንልና፣ አንዳችን አየር ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሁለታችንም እንደ አዲስ እንስቃለን።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ጋርዴና ሰፈር በሚሠራበት መጋዘን ሳለ ልቡ ቆመ።

መርዶውን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከልጄ ጋር ሆነው ነገሩኝ። ደጃፌ ላይ ቆመው ሳያቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። በእኛ ወግ መርዶ የሚናገር ሌላ ሰው ነው። ለዘመድ ሌሎች ደወሉ፣ ለመጋዘኑ ልጄ ነገረች። ፌርፋክስ መንገድ ላይ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ፣ ጫማ የምናሳድስበት ቤት፣ ሁሉም ሰምቶ ነው ያገኘኝ። ገና ሲያዩኝ ያቅፉኛል፣ እግዜር ያጥናሽ ይሉኛል፣ እኔ አሜን እላለሁ። ወራት እንደዚህ አለፉ። በገዛ አፌ ለአንድም ሰው አልተናገርኩም፤ አለመናገሬንም ልብ አላልኩም።

ልጄ የሞተ ሰው ካርድ ተመላሽ እንደሚደረግ ነግራኝ ነበር። እሺ ብዬ ተውኩት። ካርዱ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ከእኔው ካርድ ጋር ተለጥፎ ነበር። ጊዜው ገና አላለፈም። ያ ካርድ እስካለ ድረስ፣ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ፣ ባለቤቴ ወዲያና ወዲህ ማለፍ የሚፈቀድለት ሰው ነው። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም።

በኋላ ጊዜያዊ ሆኖ የተሠራልኝ የጥርስ ሽፋን ተሰበረ። መሄድ ግድ ሆነ።

"እማ፣ እኔ ድራይቭ ላድርግሽ" አለች ልጄ።

"አንቺ ካርድ የለሽም።"

"ሶ፣ ታዲያ ምን አለ? በረጅሙ መስመር እንመለሳለና።"

"ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ልትቆሚ? ሥራሽስ?"

"እማ፣ ፍሪዌይ ነድተሽ አታውቂም እኮ!"

"በየቀኑ እስከ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር እነዳለሁ።" የማስታምማቸው አሮጊት የሚኖሩት እዚያ ነው።

"እሱ ከቤትሽ ጓሮ አይደል እንዴ? በእግርሽም ትደርሻለሽ!"

እውነቱን ለመናገር ያስጨነቀኝ የእሷ ሥራ አልነበረም። መኪናዬ ውስጥ ገብታ፣ ቀና ብላ፣ ካርዶቹን እንዳታይ ነው።

በቀኙ መስመር ላይ፣ ከባድ መኪኖች እያለፉኝ፣ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ቲዋና ደረስኩ። ሐኪሟ አፌን ከፍታ እያየች "ሴኞርስ?" አለችኝ፣ ባልሽስ ማለቷ ነው። "የእሱ ጥርስ ተሠርቶ ከመጣ ቆየ። እየጠበቅነው ነው።" ትንሽ ነጭ ሣጥን አሳየችኝ።

"ሥራ ላይ ነው" አልኳት።

ምንም ሳይከብደኝ ወጣ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሐኪሟ በሚቀጥለው ይዘሽው ነይ አለች፣ እሺ አልኩ፣ እሷም በመርፌ አደነዘዘችኝ። በእሷ ቤት ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተኝቼ፣ ጋርዴና ዕቃ ሲያነሳ፣ ወገቡን ይዞ ቀና ሲል ይታየኝ ነበር።

ስመለስ ማንጎ ሻጩ መኪናውን አወቀው። ሁለት ሹካ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ አልበላም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩለት።

ማሽኑ ጋ ስደርስ እጄ የለመደውን ሠራ። ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ካርዶቹን አወረድኩ፣ ላስቲኩን ፈታሁ፣ እንደ ካርታ ዘረጋኋቸው፣ ክንዴን በመስኮት አወጣሁ። ያደረግኩት ነገር የታወቀኝ ጠባቂዋ ስክሪኗን አይታ፣ እኔን አይታ፣ ጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር ስታይ ነው። ጎንበስ ብላ የኋላውንም አየች።

"ሁለት ሰው ያሳየኛል" አለች። "ይሄ ሰው ምንሽ ነው?"

"ባለቤቴ።"

"የት ነው ያለው?"

ሥራ ላይ ነው የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ሐኪሟ ጋ ሠርቷል፤ ምናልባት እዚህም ይሠራ ይሆናል። ካርዱንም መልሼ እይዘዋለሁ። ግን የተቀመጥኩት በእሱ ወንበር ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ወንበር ላይ ለአንዲት ሎሚ እንኳ አልዋሸም።

"ሞቷል" አልኩ። ግማሽ አፌ ደንዝዞ ስለነበር አየር ሆኖ ወጣ።

"ይቅርታ፣ አልሰማሁሽም።"

እንደገና ማለት ነበረብኝ። "ባለቤቴ ሞቷል።"

ለማላውቃት ሴት፣ በኬላ መስኮት፣ ሞተር እንደበራ፣ የባለቤቴን መርዶ እኔ ራሴ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ካርዶቹን ተቀበለችኝ። ከዚያ በእጇ ወደ ጎን፣ መኪና ወደሚያቆሙበት ጥላ፣ አመለከተችኝ።

ቆይታ ከአለቃዋ ጋር መጣች። የእኔን ካርድ መለሰችልኝ። የእሱ እዚህ ይቀራል፣ ቀድመሽ ማሳወቅ ነበረብሽ፣ አለኝ አለቃዋ፤ አልተቆጣም። አውቃለሁ አልኩ። አንዴ ልየው ብዬ ለመንኩ፤ ሴትዮዋ ሰጠችኝ። ፎቶውን ያነሱት ለካርዱ ሲጠይቁን ነው። እንዳትስቅ ብለውታል፤ እኔ ከካሜራው ጀርባ ቆሜ እያየሁት ስለነበር ግን ከንፈሩን ነክሶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ሳቁን ይዞታል። ሌላ ሰው ቢያየው የተቆጣ ይመስለዋል። እስኪበቃኝ አየሁት ማለት አልችልም። በእጄ መለስኩላት።

"ፍራፍሬ ይዘሻል?" አለችኝ፣ ሥራዋ ነውና።

"አልያዝኩም።"

መጀመሪያ ያገኘሁት ነዳጅ ማደያ ቆሜ ለሐኪሟ ደወልኩ። ሥራ ላይ እንዳልሆነ፣ እንደሞተ ነገርኳት። በገዛ አፌ የነገርኳት ሁለተኛዋ ሰው እሷ ነበረች። ሦስተኛዋ ልጄ ናት፤ እሷ ብታውቅም ነገርኳት፤ ስልኩን ይዘን ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ በኬላው ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአንድ ካርድ የሚያልፈውን ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቀው የለም። ምን ይዘሻል ይሉኛል፣ የለም እላለሁ፣ እለፊ ይሉኛል። ያኔ የሚያናድደኝ የነበረውን ጥያቄ አሁን በየጊዜው መስኮቱ ጋ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ምንሽ ነው ቢሉኝ መልሱ እስካሁን አልተለወጠም።

አሁን ለጥርሴ ስሄድ ራሴ እነዳለሁ። ማንጎ እገዛለሁ፣ ትንሹን፣ በአንድ ሹካ። ኬላው ጋ ሳልደርስ እጨርሰዋለሁ።