በርበሬ የነካው ስልቻ

ኩራተኛ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። አንዱ በርስቱ ይኮራል፣ አንዱ በልጁ። እኔ የምኮራው በአንድ የፍየል ቆዳ ነው ስላቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ነገሩን ከሥሩ እነግራቸዋለሁ።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ የዓባይ ዋናተኛ ነበር። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ነጋዴው ወንዙን የሚሻገረው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ጉልበት ነው። ከፍየል ቆዳ የተሠራ ስልቻ ይነፉና አፉን በጠፍር ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። ተሻጋሪው ደረቱን ስልቻው ላይ ያስደግፋል፤ ዋናተኛው ከኋላ እየገፋ ማዶ ያደርሰዋል። አያቴ እርጅና ሲጫነው ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ስልቻውን ግን አልጣለውም። ሊሞት ሲል፣ “ከልጅ ልጆቼ መጀመሪያ ያለ ስልቻ ውሃ ለተሻገረ ይሰጥ” ብሎ ተናዘዘ። እስከዚያው በመጨረሻ ልጁ፣ በአባቴ ቤት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

ጣልያን ሲገባ ቤታችን ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ቦታ ላይ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ስም አልነበረውም። ስሙም የመጣው እነሱ ለሹሞቻቸው ቤት ሲሠሩ ነው፤ የእነሱ ሲሠራ የእኛ ፈረሰ። በዚያው ሰሞን አባቴን ወሰዱት። እናቴ ምን አጠፋ ብላ ብትጠይቅ የመለሰላት የለም፤ ሶማሌ አገር ታስሯል የሚል ወሬ ብቻ ደረሰን። እኔና እሷ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች አንዲት ክፍል ተከራየን። የቀረው ዘመድ ጉለሌም ቀጨኔም ተበተነ።

እናቴ ከፈረሰው ቤት ካወጣቻቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ያ ስልቻ ነበር። አዲሱ ቤታችን እንኳን ስልቻ የሚሰቀልበት፣ እኛም የምንተኛበት ቦታ አልነበረውም። ዕቃም ሲያጥራት ጊዜ በርበሬ ከተተችበት። ዓባይን ስንቴ የተሻገረ ስልቻ የድልህ ጎረቤት ሆኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

አባቴ የተመለሰው ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። በር ላይ ቆሞ ሳየው ለማኝ መስሎኝ፣ “እግዜር ይስጥልን” አልኩት። እሱም ትንሽ አየኝና፣ “አሜን፣ ይስጥልን ልጄ” አለ። በድምፁ ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ያፈርኩትን እፍረት እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ውሎ ሲያድር ዓይኑ ስልቻው ላይ ወደቀ። አፉን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፤ እናቴንም አየ።

“የአባቴን ስልቻ በርበሬ?” አላት።

“ታዲያ አንተ እስክትመጣ ባዶውን ይቀመጥልህ?” አለችው። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያ ነው።

በሳምንቱ ትልቁ አጎቴ ከጉለሌ ሊጠይቁት መጡ። ከጦርነቱ በፊት ዘመድ ሁሉ በየዓመቱ ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፣ በክረምቱ የቂርቆስ በዓል፣ ይሰበሰብ ነበር። አዋቂው ሲበላና ሲጫወት ልጆች ሩጫ፣ ትግልና የጨርቅ ኳስ እንወዳደራለን። ከተበተንን ወዲህ ይህ ሁሉ ቀርቷል። አጎቴ አሁን አባቴ በሰላም ገብቷልና በዓሉ እናንተ ቤት ይዋል አሉ። ቀጥለውም፣ “ልጄ ዋና ለምዷል። እንግዲህ ስልቻውን የሚረከብበት ጊዜ ደርሷል” አሉ።

አባቴም፣ “የእኔም ልጅ አለች እኮ ጋሼ” አላቸው።

አጎቴ እኔን አዩ። ከዚያ እጅጌው ውስጥ የጠፉትን የአባቴን ክንዶች አዩ። “አንተ መጀመሪያ ሰውነትህን አንሳ። እሷም ሴት ልጅ ናት፤ ውሃ ውስጥ ምን ታደርግልሃለች?” አሉት። ይህን ያሉት በክፋት አይደለም። ለወንድማቸው አዝነው ነው፤ እኔን ያንገበገበኝም ማዘናቸው ነው። ቤቱን ወስደውበታል፣ ጉልበቱን ወስደውበታል። ስልቻው ወደ ጉለሌ ከሄደ የአያቴ ልጅ መሆኑንም የሚወስዱበት መሰለኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ያን ዕለት ዋና ተምሬ ስልቻውን ላስቀር በልቤ ማልኩ።

አባቴ ዋና ያስተማረኝ ውሃ ከጣልያን ያገኘነው ብቸኛ ጥቅም ነው። ለሹሞቹ ቤት ድንጋይ ያወጡበት ትልቅ ጉድጓድ ነበር፤ ያረፈውም በፈረሰው ቤታችን ጓሮ ላይ ነው። የዚያን ዓመት ዝናቡ ቸኩሎ ሰኔ ሳይጋመስ ሞላው፣ ሥራውም ቆመ። ጠባቂው የወሎ ሰው፣ የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ ፈቃድ ሲጠይቃቸው፣ “ወላሂ ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። እዚያ ማዶ ያለውንማ ጭራሽ አላይም” ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እናቴ ግን ፈርታ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያለች እስከ በር ትሸኘናለች፤ ቅሩ ግን ብላን አታውቅም።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ ስልቻውን ሦስት ጊዜ አጥቦ ነበር። አፉን አስጠግቶ ነፋ፣ አቆመ፣ ሳለ፣ እንደገና ነፋ። ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳለ።

“ምን ሆንክ አባባ?” አልኩት።

“የእናትሽ በርበሬ ነዋ” አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ፣ እንደገና ሳለ። ከብዙ ዕረፍት በኋላ ስልቻው ሞላ። ደረቴን አስደገፈኝና እሱ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሆዴን በመዳፉ ያዘልኝ። “ሆድሽን ለውሃው ስጪው፣ አገጭሽን አትስጪው። እግርሽ አይቸኩል” ይለኛል። ከወገቡ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም። ለምን ስለው ይበርደኛል ይላል።

ማታ ቤት ስንገባ፣ “በርበሬሽ ጨረሰኝ” ይላታል እናቴን። እሷ አቀርቅራ፣ “አሁንም አለቀቀ? ነገ በአመድ አጥብልሃለሁ” ትለዋለች። በማግስቱ በአመድ ታጥባለች። ያም ሆኖ ሳሉ አልቀረም።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ስልቻው እየላላ መጣ። መጀመሪያ ሲመቱት የሚጮህ ነበር፤ በሳምንቱ ጣት የሚያጎደጉደው ሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት መታጠፍ ጀመረ። አየሩ ባነሰ ቁጥር እኔ በክንዴና በእግሬ መሥራት ነበረብኝ። አንድ ቀን ጠልቄ የጓሯችንን ጭቃ ቀምሼ ወጣሁ። ተናደድኩና፣ “ዛሬ ደግሞ በጣም ቀነስክብኝ” አልኩት።

አባቴ ዳር ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር። “ትችያለሽ” አለኝ።

ገባኝ አልኩ። የዋናተኞች የማስተማር ዘዴ ይህ ነው ማለት ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትንፋሽ መቀነስ፣ ልጁ ሳያውቀው ስልቻውን ማስተው። ምን ዓይነት ብልህ አባት ነው ያለኝ ብዬ ኮራሁ። ለሰፈር ልጆች ሁሉ አወራሁ፤ እናንተማ ማን እንዲህ ያስተምራችኋል አልኳቸው።

ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ አዝማድ ያችን አንድ ክፍል ሞልቶ በረንዳውን አልፎ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲተያይ የሚላቀሰው ተላቀሰ፣ የሚላፋው ተላፋ። አንዱ ሹሞቹ ቤት ሲሠራ የለመደውን መኮሮኒ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አሮጊቶቹ የተቀቀለ ትል ነው ብለው አልነካ አሉ። እኛ ልጆች ጭቃው ውስጥ ሮጥን፣ ታገልን። በሩጫ የአጎቴ ልጅ ቀደመኝ፤ በትግልም ጣለኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሰውነቱ ጠንካራ ልጅ ነበር፤ ክፉ ልጅ ግን አልነበረም። ሲያነሳኝ፣ “ስልቻውን ስወስድ እንድትጫወችበት አመጣልሻለሁ” አለኝ። ይህን በደግነት ነው ያለው። ሊነክሰኝ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ ሄድን። ጠባቂው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ፣ “ዛሬስ ጆሮዬም ደክሟል” አሉ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ልጁ በስልቻው ማዶ ይሻገራል፣ ስልቻውን እዚያው ይተውና ባዶ እጁን ይመለሳል። አጎቴ ስልቻውን አነሱና በጥቂት ትንፋሽ እንደ ከበሮ ወጠሩት። ልጃቸው ደረቱን አስደግፎ እንደ ቀስት ማዶ ደረሰ። ሲመለስ ግን መካከል ላይ እጁ ድጋፉን ፈለገ፤ አጣውና ደነገጠ። አጎቴ ዘለው ገብተው አወጡት።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። በዚያ በተወጠረ ስልቻ ላይ ስተኛ አንስቶ በጀርባዬ ገለበጠኝ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ገለበጠኝ። ሰው ሳቀ። አጎቴም፣ “ይብቃሽ ልጄ፣ ሞክረሻል፤ አባትሽም አይቶልሻል” አሉኝ። አባቴን አየሁት። ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

“አየሩ በዝቶበታል!” አልኩ። “አባባ እንደሚቀንስልኝ ቀንሱልኝ!”

አጎቴ ጠፍሩን ፈትተው ትንሽ አስተነፈሱት። አሁንም ቀንሱ አልኳቸው። እንደገና አስተነፈሱ። “አሁንም” አልኩ። ስልቻው እንደ እርጥብ ጨርቅ እጃቸው ላይ ሲንጠለጠል፣ “አዎ፣ እንደዚህ ነው” አልኩና ያዝኩት። ሄድኩ። ማዶ ትቼው ተመለስኩ። በመመለሻው ከመሄጃው አንዳች ልዩነት አላገኘሁበትም፤ ስልቻውን መያዜና አለመያዜ ያው ነበር። የቤታችንን ጓሮ ከዳር እስከ ዳር ተሻግሬ፣ አገጬን ለውሃው ሳልሰጥ፣ አባቴ እግር ሥር ወጣሁ።

ሴቶቹ እልል አሉ። አጎቴ ስልቻውን ከማዶ ዞረው አመጡና በአባቴ ፊት ቆሙ። “አባታችን እንዲህ አላስተማረንም። ሞልቶ ነበር የሚሰጠን። እየቀነሱ ማስተማርን ከየት አመጣኸው?” አሉት። ሲጠይቁት ኮርተውበት ነበር።

አባቴ እሺ ብሎ ምስጋናውን ሊቀበል ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም።

“አልቀነስኩም ጋሼ” አለ። “ያለኝን ነው የነፋሁት።”

እናቴን ፈልጌ አየኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ውሃውን ታያለች። አጎቴ ወንድማቸውን ትከሻው ላይ ያዙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስልቻውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። “የአባታችን ቃል ነው፤ ያንቺ ነው” አሉኝ።

እስከዚያ ቀን አፌን ወደ ስልቻው አስጠግቼ አላውቅም ነበር። ሊያቃጥለኝ ነው ብዬ ከንፈሬን ሰብስቤ ነፋሁ። የቆዳና የዝናብ ውሃ ጣዕም ነበረው። በርበሬ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ገና ድሮ ለቅቋል። እናቴ በየቀኑ በአመድ ስታጥብ የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንባዬ እየወረደ ነፋሁ፣ ጉንጬ እስኪታመም ነፋሁ፤ ስልቻው ተወጠረ። አፉን ጨብጬ ለአባቴ አቀረብኩለት፤ ጠፍሩን አሰረው።

“ግባ አባባ” አልኩት። “እኔ እገፋሃለሁ።”

ይበርደኛል አላለኝም። ሸሚዙን አወለቀ፤ የጎድን አጥንቱን ዘመድ ሁሉ አየው፣ እሱም አልሸፈነውም። ደረቱን ስልቻው ላይ አስደግፎ ተኛ። ከኋላው ገብቼ ገፋሁት። ሲሄድ ቀለል ይል ነበር፤ እግሩም ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ውሃውን መምታት ጀመረ። ማዶ ስንደርስ ድንጋዩን ይዞ ወደ ኋላ ዞረና አየኝ።

“አባቴ ሲገፋኝ ልክ እንዲህ ነበር” አለኝ።