ሙርዶና ሸርጣኖቹ

ስኮትላንዳዊው ሹፌር ሙርዶ ዕድሜውን የፈጀው ነፍስ ያላቸው ሸርጣኖች ጭኖ ፈረንሳይ ሲያደርስ ነው። ድሮ ድንበሩን እንደ ጓሮ በር ነበር የሚያልፈው። አገሩ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ግን ካሌ በተባለው የፈረንሳይ ወደብ ላይ ይገተራል። አሁን ደግሞ የጤና ወረቀቱ ላይ ያለው የእንስሳት ሐኪሙ ማህተም በሰማያዊ ፋንታ በጥቁር ቀለም ተመቷል ተብሎ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። ሚኒስትሮቹ ሲደራደሩ ሸርጣን ከባሕር ወጥቶ ስንት ሰዓት እንደሚኖር የጠየቀ አልነበረም፤ የሞተውን ደግሞ የሚገዛ የለም።

መቀመጥ አቅቶት መኪናውን ሲዞር ሚስቱ ኢሽቤል ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እስኪጠሩህ ጋደም በል እንጂ።»

«እንቅልፍ ከየት ይምጣ?»

«ዛሬም ሸርጣኖቹ ሣጥኑን እየቧጠጡ ነሱህ?»

ሙርዶ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ።

«አይ» አላት፣ «ዛሬስ መቧጠጡን ትተዋል።»