በቀይ የጻፍኳቸው አሥራ አንድ ስሞች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጅማ ከሚገኝ አንድ ባንክ ብድር ጠይቃ ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። አዲስ አበባ ሳለች ለሥራ ባልደረባዋ በዋስትና የፈረመችበት ብድር ሳይከፈል ቀርቶ ስሟ ዕዳ በማይከፍሉ ሰዎች ዝርዝር ተመዝግቧል። እዚያ የቀረ ዕዳ እዚህ ድረስ ተከትሎ መምጣቱ ቤቱን ሁሉ አስደነገጠ። እኔ ግን አልደነቀኝም። እንዲህ ያለውን ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ሠርቼዋለሁ።

ጉራ የሚመስለው ይኖራል። ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከጭነት መኪና ጎንና ከስኳር ጆንያ ላይ ነው፤ ማባዛትን ደግሞ ቡና ሲመዘን ቆሜ እያየሁ ተማርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ጅማ ውስጥ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር መጋዘን የነበራቸው የቡና ነጋዴ ሐጂ ከማል ዕዳ የሚሰበስብላቸው ሰው ሲፈልጉ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ሁለት ወጣቶችን ትተው እኔን ቀጠሩ።

ክረምት ላይ የገበሬው ጎተራ ሲራቆት ሐጂ በቆሎ፣ ጨውና ሳሙና በዱቤ ይሰጣሉ፤ ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ እኔ እየዞርኩ እሰበስባለሁ። አይሱዙ ላይ ከጆንያ በላይ ተቀምጬ፣ ከነገለባው የደረቀው የጀንፈል ቡና ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት፣ ቀይ አቧራ እየቃምኩ ያልደረስኩበት የቡና ከተማ የለም። ዕዳ እንደ አገሩ መሆኑን ያየሁትም ያኔ ነው። አጋሮ ላይ ሰው በገበያ ቀን፣ ጎረቤት እየሰማው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከፍላል። ሊሙ ላይ ግማሹን ሰጥቶ ለቀሪው እስከ ጥር ይለምንሃል፤ ጥር ላይ ግን አያሳፍርህም። ከአጋሮ ወደ ገራ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት መንደር አሥራ አንድ ተበዳሪዎች ነበሩኝ። አራት የገበያ ቀን ሙሉ መዝገቤን ዘርግቼ ዛፍ ሥር ብጠብቃቸው፣ ሰላም እያሉኝ ያልፋሉ እንጂ አንዱም ሳንቲም አላወጣም።

ተናደድኩ። አሥራ አንዱን ስም በቀይ ጻፍኩና «ለእነዚህ ሰዎች ዱቤ የሚሰጥ ይከስራል» ብዬ ከታች አሳምሬ ፈረምኩ። በካርቦን ስድስት አድርጌ በመንገዱ ላሉ ስድስት ነጋዴዎች አደልኩ።

«ወላሂ፣ ይሄ ጭንቅላት ሚኒስትር መሆን ነበረበት» አሉኝ ሐጂ። እኔም አላስተባበልኩም።

ነሐሴ ላይ፣ ሲበደሩ ለአሥራ አንዱም ምስክር ሆነው የቆሙትን የመንደሯን ሽማግሌ፣ አባ ዲጋን፣ እንዳነጋግር ሐጂ ላኩኝ። መኪናው ጭቃ ይዞት ቀረ። ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። አባ ዲጋ ደጃፋቸው ላይ የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ።

«ኮቱ፣ ና ቁጭ በል። ከታኅሣሥ ጀምሮ እየጠበቅንህ ነው፤ እግርህን አሞህ ነበር?»

«አባቴ፣ እኔ እኮ አራት ገበያ ሙሉ ጠብቄያቸዋለሁ።»

«ገበያ ምን ትሠራለህ? በሬ ልትገዛ ነው?»

እሸቱን አቀበሉኝና ገብተው ከቆጥ ላይ አንድ ሣጥን አወረዱ። ውስጡ በጨርቅ የተቋጠሩ አሥራ አንድ ቋጠሮዎች ነበሩ። ፈትቼ ቆጠርኩ። አንድ ብር አልጎደለም።

«እዚህ ዕዳ የሚከፈለው ለምስክሩ ነው» አሉ። «ባለገንዘቡ እዚህ ይመጣል፣ እህል ይቀምሳል፣ ገንዘቡን ይወስዳል። ገበያ መሃል ቢቆጥሩልህ እኔን አላመኑኝም ማለት ነው።»

«ታዲያ ምነው ሰው አልላካችሁብኝ?»

«የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃል ብለን።»

አባ ዲጋ የባሰውን ቀጠሉ። አጋሮ ውስጥ አንድ ወረቀት ወጥቶ ነጋዴው ሁሉ ዱቤ ከልክሏቸዋል። አሥሩ ከዘመድ ተበድረው ክረምቱን ይዘዋል። አሥራ አንደኛዋ፣ ባል ሞቶባቸው አራት ልጆች የሚያሳድጉት እናት አዴ ዘይነባ ግን ዘመድ የላቸውም። ሐምሌ ላይ ሸሪፍ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ሄደው በቆሎ ቢጠይቁ ወረቀቱን አነበበላቸው፤ ከዚያም የዘንድሮ ቡናቸውን፣ ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ እያለ፣ በሲሶ ዋጋ ራሱ ገዛ። ወረቀቱን ማን እንደ ጻፈው አባ ዲጋ አያውቁም ነበር። እኔም አልተናገርኩም።

በማግሥቱ ሸሪፍ ሱቅ ቆምኩ። ጨው እየመዘነ ነበር።

«አዴ ዘይነባ ዕዳቸውን ከፍለዋል። ውሉን ቅደድ፤ የሰጠሃቸውን ገንዘብ ከደሞዜ እመልስልሃለሁ» አልኩት።

«መክፈሏን ማን አጣው? እናቴ እኮ የዚያ መንደር ልጅ ናት።»

«እያወቅክ ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩ ወንድሜ? አልጻፍኩ፣ አልፈረምኩ» ብሎ በሚዛኑ ጭልፋ ግድግዳውን አሳየኝ። ወረቀቴ ተለጥፏል። ፊርማዬ ከሩቅ ይነበባል።

በዚያ መንገድ ላይ ከእኔ የበለጠ ብልህ የለም ብዬ አምን ነበር። ሐጂ ሲሰሙ «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ሚኒስትርነቴን ዳግመኛ አላነሡም። ሽማግሌ ቢልኩም ሸሪፍ አሻፈረኝ አለ። ኅዳር ላይ የሸሪፍ ለቃሚዎች የአዴ ዘይነባን ቡና እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ለቅመው ጫኑ። እኔ ወረቀቶቼን ልሰበስብ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ስድስት አድዬ ዘጠኝ አገኘሁ፤ ሦስቱ በማላውቀው እጅ የተገለበጡ ነበሩ።

አዴ ዘይነባ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከማንም ሱቅ በዱቤ ገዝተው አያውቁም፤ ጨው እንኳ ሲገዙ ገንዘቡን አስቀድመው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ። የመሬት ወረቀት ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ግን ጅማ ድረስ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ያላንተ ማን አጥርቶ ያነባል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አጥርቼ አነብላቸዋለሁ። ስለ ራሴ ያላወራሁት ነገር እንደሌለ ልጆቼ ይቀልዱብኛል። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ግን ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም። ይህ ጽሑፍ እንኳ እጃቸው ቢገባ፣ እንዳነብላቸው ይዘውት የሚመጡት ወደ እኔ ነው።