የሰሀር እጆች

ዳሲቱ የምታስተምርበት የአቃቂ በሰቃ መዋዕለ ሕፃናት ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የብረት መቁረጫው ግራይንደር ሲነሳ ሕፃናቱ አይሰሟትም። ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ሲዘጋ፣ መስማት ከተሳነው ወንድሟ ከሁንዴ ጋር ያደገችበትን የምልክት ቋንቋ አስተማረቻቸው። ሕፃን ምን ያቅተዋል? ብዙም ሳይቆይ ውሃ የጠማውም፣ ሽንቱ የመጣውም፣ ጓደኛው የቆነጠጠውም በእጁ መናገር ጀመረ።

ወላጆች ግን አልወደዱትም። "ደህና ጆሮ ያለውን ልጅ እንደ ደንቆሮ ማስመሰል ሟርት ነው" ተባለ። እኛ ሰፈር ሟርት ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዕውር እየተደናበረ የሚጫወት ልጅ እንኳ ኩርኩም ይቀምሳል። የባሰችው ከተማሪዎቿ የአንዷ፣ የሰሀር እናት አዚዛ ነበረች። ርእሰ መምህሩም "አንድ ወላጅ ለክስ ቢመጣብኝ ሌላ ሥራ ፈልጊ" ብሎ ለዳሲቱ ነገራት።

ኅዳር ላይ ሰሀር ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሲለቃትም ጆሮዋን መነካካት አልተወችም። ዳሲቱ የሕፃን ነገር ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ግራይንደሩ ጸጥ አለ። ክፍሉ ያን ያህል ጭጭ ብሎ አያውቅም። ዳሲቱ ከበሩ ላይ "ሰሀር!" ብላ ተጣራች። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ፤ ሰሀር ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ቀለሟን ትቀባለች። ከኋላዋ ሄዳ አጨበጨበች። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። ፊት ለፊቷ ቆማ በእጇ "ደህና ነሽ?" ስትላት፣ ሰሀር ፈገግ ብላ በእጇ "ጆሮዬን ያመኛል" አለቻት።

ሰሀር አትሰማም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ማንም አያውቅም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ጆሮ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ብትናገር ምን እንደሚመጣባት ታውቃለች። ዝም ብትል ደግሞ ሊድን የሚችል ጆሮ ሳይድን ይቀራል። በኋላ "ደብቃው ነው" እያሉ ሲያወሩ የሰማኋቸው ሰዎች ያናድዱኛል፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የሰሀርን ወላጆች በር ላይ ጠብቃ ነው የነገረቻቸው።

"አዚዛ፣ ልጅቷ አትሰማም። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ ቶሎ ከታየ ይድን ይሆናል።"

አዚዛ ፊቷ አመድ መሰለ። "አላልኩም? ሀይረዲን፣ አላልኩም ነበር? ይቺ ናት ያሟረተችብን!"

ባሏ ሀይረዲን ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "ልጄ ምንም አልሆነችም፣ ቲቸር። እጇን ማወናጨፍ ስትተው ይለቃታል።"

"ሐኪም ብቻ ይያት! እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

"መጀመሪያ ይሄን የእጅ ነገር ትተው" አለ ሀይረዲን።

ሰሀር ወደ ጆሮዋ ልትጠቁም እጇን አነሳች። አዚዛ አንዱን እጅ ያዘች፣ ሀይረዲን ሌላውን። እንደዚያ ግራና ቀኝ ይዘዋት መንገዱን ጀመሩ፤ ለሚያያቸው የሚያምር ቤተሰብ ናቸው።

ከኋላቸው አንድ ተሳቢ ጡሩምባውን ነፋ። ሁለቱ በድንጋጤ ዘለው ዞሩ። ሰሀር አልዞረችም። እናትና አባት ተያዩ፤ እጆቿን ግን አልለቀቁም።