የውሸት አንቴና

"ቀለበቱን አስገባሽ?"

የመበየጃ ካውያ በያዝኩ ቁጥር አባቴ ይህን ሳይጠይቀኝ አያልፍም ነበር። የአንቴናን ገመድ ከሬዲዮ ጋር የሚያገናኘው ኮኔክተር ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከገመዱ ጋር በሊድ የሚበየደው አካል፣ ሌላው ከውጭ እየዞረ የሚያጠብቀው ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከብየዳው በፊት ገመዱ ላይ መግባት አለበት። ይህን የረሳ ሰው ሊዱን አሳምሮ፣ ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው። ይህን ስህተት ያልሠራ የሬዲዮ ሰው የለም ይላል አባቴ። እኔ ግን አንዴ ረሳሁና ዕድሜ ልኬን ተጠያቂ ሆንኩ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብየዳው የእኔ፣ ጥያቄው የእሱ ነው። "አስገብቻለሁ አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ?" እለዋለሁ። ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመገናኛ መሣሪያዎች ጥገና ላይ ይሠራ ነበር። ከሥራው በላይ የሚወደው ግን አማተር ሬዲዮን ነው፤ ፈቃድ አውጥቶ፣ በራሱ መሣሪያ፣ ከቤቱ ሆኖ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር በአየር ላይ ማውራት። ቤታችን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነበር። ከጣሪያው ተነስቶ ግቢው ጥግ ካለው ጽድ ላይ የታሰረው የአንቴና ሽቦ ሰፈሩን ሲያነጋግር ኖሯል። "ልብስ ማስጫ" የሚሉት ደጎቹ ነበሩ። "ሰላይ" ያሉትም አልጠፉም፤ ቴሌቪዥናቸው ሲበላሽ ግን መጀመሪያ የሚመጡት ሰላዩ ጋ ነበር።

የአባቴ ጥግ በከረሜላ ጣሳ የተሞላ ነው፤ በአንዱ ትራንዚስተር፣ በአንዱ ካፓሲተር፣ በአንዱ እግሩ የተጣመመ ሬዚስተር። ከሬዲዮው ጀርባ ደግሞ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ ትልቅ ሬዚስተር ዘይት ውስጥ ተነክሯል፣ ክዳኑ ላይ ኮኔክተር ይገባበታል። አባቴ "የውሸት አንቴና" ይለዋል። የተጠገነ ሬዲዮ ሲሞከር አየር ላይ ያለ ሰው እንዳይረበሽ በአንቴናው ፈንታ እሱ ይገጠማል። ሬዲዮው አንቴና ያገኘ መስሎት ኃይሉን ሁሉ ይሰጠዋል፤ ቆርቆሮው ይሞቃል፤ ከክፍሉ ግን ምንም አይወጣም።

በአየር ላይ ከሚያገኛቸው ሁሉ አባቴ የማያስቀረው አንድ የካርቱም ሰው ነበር። እሱም ጡረተኛ ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም። ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን አባቴ ማይኩን አንስቶ ይጠራዋል፤ ሰውየውም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ከሁሉ በፊት ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። እናንተ ጋ ሲዘንብ የእኛ ወንዝ ይሞላል ነው ነገሩ። አባቴም የአዲስ አበባ ዝናብ የሚወርደው ወደ አዋሽ ስለሆነ አንተ ጋ ጠብታ አይደርስም ይለዋል። ይህንኑ ክርክር ለዓመታት ሳይሰለቹ ተከራክረዋል። እናቴ ባረፈች ሰሞን ግን ያ ሰው ዝናቡን ትቶ፣ አባቴ መናገር እስኪችል ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር። ለቅሶ ከደረሰው ሰው ሁሉ አባቴን ያጽናናው እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። የሰውየውን ስልክ ብንሞክር አይሠራም። አባቴ አስር ሰዓት ሲሆን መጥራቱን አልተወም። ከወዲያኛው ክፍል ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ይጠራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጠራል። መልስ የለም።

በዚህ መሃል ሰፈራችን እንደሚፈርስና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም እንደሚሰጠን ተነገረን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሽቦ የሚዘረጋበት ጣሪያም ጽድም የለውም። አንቴናው ሳይወርድ የዚያን ሰው ድምፅ ካልሰማ፣ አባቴ ጓደኛው ይኑር ይሙት የሚያውቅበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። ከቤቱ መፍረስ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብዬ ደመደምኩ። ምክንያትም ነበረኝ። ድሮ ሬዲዮው ሲከፈት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጫጫ ነበር፤ አሁን ግን ጭጭ ብሏል። ገመዱ የሚገባው ደግሞ ጣሪያችን በሚያፈስበት በኩል ነው። ኮኔክተሩ ውሃ ጠጥቶ ዝጎ መሆን አለበት አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የዛገ ነገር ይቀየራል።

ፒያሳን ዞርኩ። ግማሹ ፈርሷል፣ ግማሹ አቧራ ለብሶ ተራውን ይጠብቃል። በገባሁበት ሱቅ ሁሉ "ለዲሽ ነው?" ይሉኛል። በመጨረሻ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከአሮጌ መሣሪያ የተነቀለ ዕቃ የሚሸጡ፣ የአባቴ የድሮ ደንበኛ የሆኑ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ።

"አይ፣ ለዲሽ አይደለም ጋሼ። ወፍራሙን ነው፣ ቀለበት ያለውን።"

"የአባትሽን በይኛ። ደህና ናቸው? ጠፉብኝ እኮ፤ ተጣላን እንዴ?" እያሉ አንድ ጣሳ ባንኮኒው ላይ ገለበጡ። "ይሄ የዱሮ ነው፣ ውሰጂው። አዲስ የሚመጣው ካውያ ሲነካው እንደ ሻማ ይቀልጥብሻል።" ከዚያ እጃቸውን ገታ አድርገው አዩኝ። "ከወራት በፊት በዚህ ሲያልፉ ይህንኑ አሳይቻቸው ነበር። ለጊዜው አያስፈልገኝም አሉኝ።"

ይሄው፣ የሚያስፈልገውን ረስቷል ማለት ነው፣ ብዬ አዘንኩ። አባቴ እያረጀብኝ ነው።

ቤት ስደርስ አስር ሰዓት አልፏል፤ ጠርቶ ጨርሶ ተቀምጧል። የገመዱን ጫፍ ስጠኝ ስለው ከሬዲዮው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ጎትቶ ሰጠኝና ወንበሩ ላይ ተመለሰ። የድሮውን ኮኔክተር ቆረጥኩት። ዝገት የሚባል አልነካውም። ያ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን አንዴ ከተነሳሁ አልቆምም። ገመዱን ላጥኩ፣ ካውያው ጋለ፣ ሊዱ ፈሰሰ፣ አማረ። ቀና ስል ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

አባቴ አጠገቤ ነበር። ሁሉን እያየ ነበር። አልጠየቀኝም።

"ምነው አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ዝም አልከኝ?" አልኩት። "በቃኝ እስክል ስትጨቀጭቀኝ ኖረህ፣ በሚያስፈልግበት ቀን?"

"አላየሁም" አለ። ውሸት ለአባቴ አይሆንለትም።

ቆርጬ እንደገና በየድኩ፤ በዚህ ጊዜ ቀለበቱን ራሴ አስታውሼ። ከዚያ አባቴ እስኪነሳ ሳልጠብቅ ልገጥመው ከሬዲዮው ጀርባ ገባሁ። ቦታው ተይዟል። የአንቴናው ገመድ ሊሰካበት በሚገባው ቀዳዳ ላይ አጭር ገመድ ተሰክቷል፣ እሱም ወደ ዘይቱ ቆርቆሮ ይሄዳል። ቆርቆሮውን በእጄ ነካሁት። ገና ሞቅ ያለ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"መጀመሪያ በደህናው አንቴና ጠራሁት። በየቀኑ። አልመለሰም። ከዚያ ማይኩን ማንሳት እየፈራሁ መጣሁ። መተው ደግሞ አልሆነልኝም። እንዲህ ሲሆን ግን እሱ አልሰማኝም እንጂ፣ አልመለሰልኝም አይባልም።"

በአቧራ ውስጥ የዞርኩት፣ ገመድ የቆረጥኩት፣ ከወዲያኛው ክፍል ሆኜ አብሬው መልስ የጠበቅሁት ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያሳዘነኝን ያህል አናዶኛል። በዚያ ንዴት አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

"እሱስ እየጠራህ ቢሆን? ይሄ ቆርቆሮ እኮ አንተን ብቻ አይደለም የሚያፍነው። እሱ ቢጠራህ በምን ትሰማዋለህ?"

ይህን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ሬዲዮ ያስተማረኝ እሱ ነው። እያወቀ አልፎት የኖረውን ነገር እኔ ስም አወጣሁለት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ቃሌን መልሼ ብውጠው በወደድኩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የተባለው ለካ እንዲህ ላለው ቀን አልነበረም።

ቤቱን ልንለቅ ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታስሮ ሬዲዮው ብቻ ቀረ። አባቴ የውሸት አንቴናውን በራሱ እጅ ፈታ። ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ጠራውና ቆርቆሮውን ሰጠው፤ ቆራሌው ዘይቱን ቦዩ ውስጥ ደፍቶ ይዞት ሄደ። ከዚያ የአንቴናውን ገመድ ሰካ፤ እጁ ስለተንቀጠቀጠ ቀለበቱን እኔ አጠበቅሁለት። ክፍሉ በዚያ በድሮው ጫጫታ ሞላ። እንዴት እንደናፈቀኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጠራው። ጠበቀ። ደግሞ ጠራው። ፒያሳ ዛሬ በደንብ ዘንቧል አለው፤ ውሃው አንተ ጋ ይድረስ አይድረስ አንተው ንገረኝ አለው። ውጭ ፀሐይ ነበር። ጫጫታው ውስጥ አንድም ሰው የለም። አባቴ ማይኩን በቀስታ አስቀመጠ።

"አልመለሰም" አለኝ። "ወይም ሲጠራኝ ከርሞ ደክሞት ትቶታል።"

ነገሩን አፉ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሽቦውን ጠቀለልኩ።

አሁን ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ አጭር ሽቦ አስሬለታለሁ። ብዙ አያስኬድም፣ ግን እውነተኛ አንቴና ነው። አስር ሰዓት ሲሆን ይጠራል፤ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ይሰማዋል። እኔ ኩሽና ቆሜ እሰማለሁ። ያ ቆርቆሮ ዛሬ ቤት ቢኖር ኖሮ፣ ሳያየኝ መልሼ እገጥምለት ነበር።