ባዶ የማታድር አልጋ
ዋርሳዬ፣ የእህቴ ባል፣ አናጢ ነው። የሰፈሩን በር ሁሉ የሠራው እሱ ነው፤ የራሱ መኝታ ቤት ግን እስከ ዛሬ የሚዘጋው በመጋረጃ ነው። እህቴ በር ስራልኝ ስትለው «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላታል። ያ ሳምንት ሳይመጣ አምስት ልጅ መጣ።

ጥፋቱን ግን በመጋረጃው አላሳብብም። ለበኩር ልጃቸው ብሎ የሠራት ትንሽ የሕፃን አልጋ አለች። ልጅ አድጎ ሲለቃት ዋርሳዬ ሱቁ ይወስዳትና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ አዲስ አስመስሎ ይመልሳታል። እህቴ ደግሞ የታጠበ አንሶላ ታነጥፍባታለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም። ብዙም ሳይቆይ አልጋዋ ሰው ታገኛለች።

አምስተኛዋን ስትወልድ እህቴ ብዙ ደም ፈሰሳት። አዋላጇ ነርስ ሳትሸፋፍን «ከደገምሽው እነዚህን የሚያሳድግልሽ ሰው ፈልጊ» አለቻት። የወሊድ መከላከያም ልትሰጣት ነበር፤ እህቴ ግን «ባሌን ላማክር» ብላ ወጣች፤ አላማከረችም። «አልጋ እያሳመረ የሚጠብቅን ሰው እንዴት ብዬ በቃኝ ልበለው?» አለችኝ። ዘዴዋ አራተኛውን ልጅ መሃላቸው ማስተኛት ሆነ። ዘዴው ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ሰሞኑን ትንሿም አልጋዋን ለቀቀች። በማግስቱ ቤቱ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ሸተተ። እህቴ ፈርታ አለቀሰች። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ሱቁ ደረስኩ።

አንድ ደንበኛ መደርደሪያ ሊያሠራ መጥቷል። ዋርሳዬ ሜትሩን ዘርግቶ ቁመቱን ጠየቀው፣ ስፋቱን ጠየቀው፣ የሚቆምበትን ግድግዳ ሳይቀር ጠየቀው። ሰውዬው እስኪወጣ እንደምንም ታገስኩ።

«እህቴን ልትቀብራት ነው?» ብዬ ነርሷ ያለችውን ነገርኩት።

ሰጋቱራው ላይ ዘጭ አለ። «ይህን አልነገረችኝም።»

«ታዲያ ቫርኒሹ ምንድን ነው?»

«የተቧጨረ እንጨት እያየሁ ዝም ልበል? እኔማ ሦስተኛው ላይ በቅቶኝ ነበር። እሷ አንሶላ አንጥፋ ስትጠብቅ አልፈልግም ልበላት?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው የምታነጥፈው፣ አንተ ደንቆሮ! ለመደርደሪያ ይህን ሁሉ የምትጠይቅ ሰው፣ ሚስትህን ስንት ይበቃናል ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። አዎ አይነቅዝም፤ ይወልዳል እንጂ። በይሉኝታ ልጅ የወለደ ባልና ሚስት ያየሁት እነሱን ብቻ ነው። ልጆቹ ዓይኖቼ ናቸው፣ አንዳቸውንም አልመልስም፤ እህቴን ግን ለይሉኝታ ብዬ አልሰጥም።

በማግስቱ ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። እህቴ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መረጠች። ዋርሳዬ ነርሷን የጥያቄ መዓት ሲያወርድባት ቆይቶ፣ ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው ሳይቀር ጠይቆ ወጣ።

ቤት ሲገቡ የሕፃኗን አልጋ ጠረጴዛው ላይ አጋደማት። መጋዙን አነሳና ቆመ። ከዚያ ሜትሩን አውጥቶ፣ እንደ ደንበኛ፣ እህቴ ፊት ዘረጋው።

«ምን ልሥራልሽ?»

«በር» አለችው።

«እንጨቱ እኮ ለበር አይበቃም።»

«ጨምርበት። ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን።»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ሳም...»

«ዛሬ!» አለችው።